እሺ፣ ከዚያስ?

(በአንድ የንባብ ወዳጆች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

ስጋበዝ የተባልኩት አጭር ነው። «የምትወደውን አንድ መጽሐፍ ይዘህ ና፤ ለምን እንደምትወደው ትነግረናለህ።» እሺ አልኩ። ጭንቁ የመጣው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። መደርደሪያዬ ፊት ቆምኩ። እጄ ሰው ፊት ወደሚያስከብረው ሄደ። ወፍራም ነው። ቋንቋው ያማረ ነው። የጻፈውም ሰው ስሙ ሲነሳ ሁሉም ቀና ብሎ የሚቀመጥለት ነው። አወጣሁት። መሃሉ ላይ የአውቶቡስ ትኬት ብቅ ብሏል። ገጽ 61። ይህን መጽሐፍ አምስት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። አምስቱንም ጊዜ የተለያየነው እዚያው ገጽ 61 ላይ ነው።

ትኬቱን አይቼ አፈርኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከአሮጌ ደብተሮች ኋላ፣ ሌላውን አወጣሁ።

ሁለቱንም ይዣቸው መጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ስም አልናገርም። ደራሲው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወዳጆች አሉት፤ እኔም በሰላም ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ። የሁለተኛውን ስም ደግሞ ብፈልግም መናገር አልችልም። ሽፋኑ የለም። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች የሉም። የመጨረሻዎቹም የሉም። ደራሲው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ መሰላችሁ? ቆጥሬ አላውቅም።

እንግዲህ ኑዛዜዬ ይሄ ነው። በደንብ የተጻፈ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይሰለቸኛል። መጥፎ መጽሐፍ ግን እራት ያስረሳኛል።

አትሳቁ፤ ገና ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ላጥራ። «ይሄ መጽሐፍ እንዴት ነው?» ስንባል «አሪፍ ነው» እንላለን። በዚህች አንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምንናገረው። አንዱ «ጥሩ ሥራ ነው» ነው። ሌላው «ወደድኩት» ነው። እኔ ሁለቱ እንደማይገናኙ የገባኝ ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያልወደድኩትን ሁሉ «አሪፍ ነው» እያልኩ ኖሬያለሁ። የወደድኩትን ደግሞ በጋዜጣ ጠቅልዬ ነበር የማነበው።

ችግሩ የጀመረው በስሙኒ ነው።

በ1980ዎቹ ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበር። ሱቅ ካልነው ነው። የአንድ በር ስፋት ያላት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንላቸው። መጽሐፎቹን ከጀርባ በካርቶን ለጥፈው፣ በመርፌና በሲባጎ ሰፍተው፣ የማይበጠስ ያደርጓቸው ነበር። መጽሐፍ ስትወስዱ መታወቂያ ወይም አምስት ብር ታስይዛላችሁ። ከዚያ በቀን ስሙኒ። ሃያ አምስት ሳንቲም። ጋሼ በደብተር ይመዘግባሉ፤ አንድ ቀን ብታሳልፉ ስሙኒ ይጨመራል፤ ልመና የለም።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ኪሴ ውስጥ ያለው ሃምሳ ሳንቲም ነው። መጽሐፉ በሁለት ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ጭጋግ የሚተርክ ደራሲ ለእኔ ባለቅኔ አልነበረም። ኪሴ የገባ ሰው ነበር። ጭጋጉ ስንት ዓይነት ቀለም እንዳለው ሲያስረዳኝ ስሙኒዬ እየሄደች ነው። ቀስ ተብሎ የሚነበብ መጽሐፍ ጊዜውም ገንዘቡም ላለው ሰው ነው። እኔ የምፈልገው በመጀመሪያው ገጽ ሰው የሚገድል ደራሲ ነበር።

እንደዚህ ያሉት ደግሞ ሞልተው ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች ይደረደራሉ። እነሱ ወረፋ አላቸው፤ እነሱን መጥፎ መጽሐፍ አልልም፤ ሰውዬው ማስነበብ የሚያውቁ ብርቱ ጸሐፊ ነበሩ። እኔ የምላችሁ ከነሱ በታች የተደረደሩትን ነው። ወረፋ የሌላቸውን። ማን እንደጻፋቸው፣ ማን እንዳረማቸው የማይታወቁትን። ለነገሩ ያረማቸው ሰው አልነበረም።

ይሄኛው ከነሱ አንዱ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው አዲስ አበባ ነው ይላል። መርማሪው ግን ሰኔም ታኅሣሥም ረጅም ካፖርት አይለየውም። አንድ ሌሊት ከፒያሳ ተነስቶ በእግሩ ሲሮጥ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ቦሌ ይደርሳል። የሚያሳድደው ሰው ደግሞ ከኋላው በአራት ደቂቃ ይደርሳል። ከሁሉ የምወደው ግን የሹፌሩን ነገር ነው። ሹፌሩ ገጽ 38 ላይ በሽጉጥ ተመትቶ ይሞታል። አስከሬኑ ይነሳል፤ ሰው ያለቅሳል። ገጽ 112 ላይ ይኸው ሹፌር ካፌ ገብቶ ማኪያቶ ያዛል።

ማብራሪያ የለም። ስለ ማኪያቶው ግን አለ፤ ስኳር እንደበዛበት ተጽፏል።

ደራሲው ረስቶት ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ሌላ ምንም አይደለም፤ ገድሎት ረሳው። በአሥራ አራት ዓመቴ ግን ደራሲ ይረሳል ብዬ አላስብም። ስለዚህ ሹፌሩ ሞቱን አስመስሎ ነው አልኩ። ወይም መንታ ወንድም አለው አልኩ። ከዚያች ማኪያቶ ጀምሮ ሰባ ገጽ ሙሉ የሹፌሩን ምሥጢር ስፈታ ከረምኩ። መርማሪው ሌላ ሰው ያሳድዳል፤ እኔ ሹፌሩን አሳድዳለሁ። በኋላ ስንት የተዋጣላቸው የወንጀል ልብ ወለዶች አነበብኩ። የዚያን ሳምንት ያህል አእምሮዬን ያሠራኝ አንድም የለም። ሁሉም ቀዳዳ የተደፈነበት መጽሐፍ ውስጥ እኔ እንግዳ ነኝ። ወንበር ይሰጡኛል፤ እቀመጣለሁ፤ ቡና ይቀርብልኛል። ይሄኛው ውስጥ ግን ጣሪያው ያፈሳል፤ ተነስቼ ባልዲ መያዝ አለብኝ።

ከመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ባነብላችሁ ደስ ባለኝ። ግን ደራሲው ምናልባት በሕይወት አለ፤ ማሳጣት አልፈልግም። ዓይነቱን እንድታዩት እኔው ተመሳሳዩን ሠርቼ መጥቻለሁ። «የሰናይት ልብ እንደ ናፍጣ መኪና ተርገፈገፈ፤ ዕንባዋም እንደ ጢስ ዐባይ ፏፏቴ እየተንዶለዶለ የመርማሪውን ጫማ አጠበው።» እንዲህ ነው የሚጻፈው። አያችሁ፣ አዳራሹ ሳቀ። ግን ልብ በሉ፤ ሁላችሁም ጫማውን አይታችሁታል።

ይህን ነገር ከኔ በፊት ያሰቡ ሰዎች አሉ። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1945 «ትሪቢዩን» የሚባል ሳምንታዊ ላይ «ጥሩ መጥፎ መጻሕፍት» ብሎ አጭር መጣጥፍ ጽፏል። ስያሜውን ያገኘው ከሌላው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ከቼስተርተን ነው። ጥሩ መጥፎ መጽሐፍ ማለት በሥነ ጽሑፍ ልመዘን ብሎ ያልተነሳ፣ ግን ቁም ነገረኞቹ ተረስተው እሱ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ሸርሎክ ሆምስን ይጠቅሳል። ዋና ምሳሌው ግን የሀሪየት ቢቸር ስቶው «የአጎት ቶም ጎጆ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1852 መጽሐፍ። ኦርዌል ሳያስበው የሚያስቅ፣ በማይመስል ነገር የተሞላ መጽሐፍ ይለዋል። ወዲያው ደግሞ ልብ የሚነካ፣ በመሠረቱም እውነት ነው ይላል። ከታላቋ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከቨርጂኒያ ውልፍ ሥራዎች ሁሉ ይልቅ ዕድሜው የሚረዝመው እሱ ነው ብሎ ሊወራረድ ይነሳል። የበለጠው በምን እንደሆነ የሚያሳይ የሥነ ጽሑፍ መለኪያ ግን እንደማያውቅ ያምናል። እዚህ ጋ ነው ሰውዬውን የወደድኩት። በዓመቱ ስለ ጥሩ ዓረፍተ ነገር አጻጻፍ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውን ጽሑፉን ያወጣ ሰው ነው እንግዲህ። ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። አውቆ ነው መለኪያው አልሠራም የሚለው።

የኦርዌል መጻሕፍት ግን ለኔ ጨዋዎች ናቸው። ሸርሎክ ሆምስን መውደድ ምን ያሳፍራል? ከዚያ በታች መውረድ አለብን። ወደ ላርን እንሂድ።

ላርን ሰሜን አየርላንድ ያለች የወደብ ከተማ ናት። እዚያ አማንዳ ሮስ የምትባል አስተማሪ ነበረች። ባሏ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ እ.ኤ.አ. በ1897 ወጣ። የማሳተሚያውን የከፈለው ባሏ ነው፤ ለአሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸው ስጦታ። (ወንዶች፣ አበባ ይዛችሁ የምትገቡ፣ ይህን አስቡት።) አማንዳ ዓይንን ዓይን ብላ አትጠራም፤ «የብልጭታ ሉሎች» ትለዋለች። ሱሪ ሱሪ አይደለም፤ «የደቡብ አስፈላጊ» ነው። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን ደርድራ ደርድራ ትንፋሽ እስኪያጥራችሁ ትነዳችኋለች። ባሪ ፔይን የተባለ ሃያሲ አፌዘባት። እሷ ዝም አላለችም። በሚቀጥለው መጽሐፏ መግቢያ ላይ ስሙን ጠርታ የስድብ መዓት አወረደችበት፤ ስድቡም እንደ ልብ ወለዷ በአንድ ፊደል የተደረደረ ነበር።

በኋላ ኦክስፎርድ ውስጥ ደራሲዎቹ እነ ሲ. ኤስ. ሉዊስና ቶልኪን የሚሰበሰቡበት የወዳጆች ማኅበር ነበር። የሷን መጽሐፍ ጮክ ብለው እየተቀባበሉ ያነባሉ። ውድድሩ ማን ሳይስቅ ብዙ ያነባል ነው።

ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። እነሱ የሚስቁት ከላይ ሆነው ነው። መጥፎ መጽሐፍ መውደድ ማለት ይሄ ከሆነ እኔ አልወደድኩም ማለት ነው። ሹፌሩ ማኪያቶ ሲያዝ ዛሬ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ደንግጬ ነበር። ፀጉሬ ነው የቆመው። ሳቁ በኋላ የመጣ ነው። አማንዳ ሮስን ስታነቡ አንድ የሚታወቃችሁ ነገር አለ። ሴትዮዋ አልቀለደችም። እያንዳንዱን መስመር ከልቧ ነው። ለገበያ ተብሎ፣ ሰው እንዲስቅበት ታስቦ የተጻፈ መጥፎ መጽሐፍ ሞክሬያለሁ። አይሆንም። ሁለት ገጽ ላይ ይሰለቻል። የኔው ደራሲ መርማሪውን ከፒያሳ ቦሌ ያስሮጠው ርቀቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። በጣም ስለቸኮለ ነው። እሱም እንደኔ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ቸኩሏል።

ለማፅናኛ ያህል ይህችን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 ፍራንክፈርት ካለው የማክስ ፕላንክ የሥነ ውበት ተቋም ሁለት ተመራማሪዎች ርካሽና ቅጥ ያጣ ፊልም የሚወዱ ሰዎችን አጥንተው ነበር። የተገኙት በአብዛኛው የተማሩ፣ ትልልቅ የሚባሉትን ሥራዎችም የሚከታተሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ተጠራጠሩት።

አሁን ከኋላ የሚነሳውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብርስ? በደንብ የተጻፈ አይደለም? አልወደድከውም?»

እንዴት አልወደውም። መጽሐፉ በ1958 ከወጣ በኋላ አገር ያነበበው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የተገናኘሁት በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። ትልቅ ሥራ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። በዛብህ ምን ይሆን፣ ሰብለ ወንጌል ምን ይሆን፣ እሱ ብቻ ነው። ጉዱ ካሣ ሲናገር ቤቱ ጸጥ ይላል። ቋንቋው ምን ያህል የጠራ እንደሆነ ያወቅኩት አድጌ ሳነበው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ቋንቋቸውን ከታሪኩ ፊት አያቆሙትም። ስለዚህ እኔን የሚሰለቸኝ በደንብ መጻፉ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ የሚነሳ ሰው ፊት ታውቃላችሁ? አገጩን ቀና አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ? አንዳንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ትንፋሹን እንደያዘ ነው። እኔም አብሬው መተንፈስ ያቅተኛል።

ያማረ ቋንቋ ጠልቼም አይደለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ሰሙን ትሰማላችሁ፣ ወርቁን ትፈልጋላችሁ፣ ስታገኙት ትደሰታላችሁ፤ አለቀ። አራት መቶ ገጽ ሙሉ ወርቅ ስትቆፍሩ ዋሉ ብትባሉስ? ወገብ ይቆረጣል እኮ።

ይህ ሁሉ የኔ አስተያየት ነው። አንድ ጊዜ ግን ሁለቱን መጻሕፍት ሌላ ሰው ላይ ሞክሬያቸዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ዓይኗን ሞራ ሸፈናት። ኦፕራሲዮን እስክትደረግ ሁለት ወር ያህል ጠበቅን። ማታ ማታ ላንብብልሽ አልኳት። በትልቁ ጀመርኩ፤ ያው እናት ፊትም መከበር ይፈለጋል። እሷ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር በእጇ እየዳበሰች ትለቅማለች። እኔ ድምፄን አሳምሬ አነባለሁ። አንድ አንቀጽ ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ፣

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።

«ቆይ እማ፣ ገና ስለ ቤቱ እየነገረን ነው።»

«ቤቱንማ አየነው። ከዚያስ?»

በሦስተኛው ማታ ተውነው። ይህንን የተገነጠለውን አመጣሁ። ገጽ 5 ላይ፣ ማለት አሁን መጀመሪያ በሆነው ገጽ ላይ፣ ሰናይት በሌሊት በሩን ሳትዘጋ ትተኛለች። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። «አንቺ ጅል! ዝጊው እንጂ! ምን ዓይነት ልጅ ናት?» በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አለችኝ። ከጎረቤት ሴትዮ ጋር ስለ ሰናይት አምተዋታል። ጎረቤትየዋ እናቴ የምታውቃት የሰው ልጅ መስላት «የት ነው የምትሠራው?» ብላ ጠይቃለች።

እዚህ ላይ ባቆም ያሸነፍኩ እመስላለሁ። ግን ሐቁን ልንገራችሁ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ማታ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እናቴ ቀና አለችና «ያ ሰውዬ ስለ ዝናብ ያለው እንዴት ነበር?» አለች።

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ ከዚያስ የማይለው።»

ትልቁን መጽሐፍ አመጣሁ። ለአምስተኛ ጊዜ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ፍለጋ። ገጽ 19 ላይ አገኘኋት። ዝናብን የሚያነሳ ሌላ መስመር እዚያ አካባቢ የለም። አነበብኩላት። ጥቂት ዝም አለችና «እሱ አይደለም» አለች። «ያኛው ይሻል ነበር።»

ዓረፍተ ነገሯ ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴ ዘንድ ከርማ፣ ተሻሽላ ነው የወጣችው። ከመርማሪው መጽሐፍ አንድም ዓረፍተ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ስለ ሰዎቹ ነው። ይህን ምን ላድርገው? ከያዝኩት ክርክር ጋር አይሄድልኝም። እንዲሁ ይዤው እዞራለሁ።

የመጽሐፉን መጨረሻ ሳልነግራችሁ እንዳልወርድ። ገጽ 183 ላይ መርማሪው በሩን በእርግጫ ከፍቶ ይገባል፤ መብራት ያበራል፤ «ገዳዩ አንተ ነህ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ተቀዷል። ጋሼ መጽሐፉን ከኋላ በካርቶን ሲለጥፉት ግን ውስጠኛው ገጽታ ባዶ ቀርቶ ነበር። ከኔ በፊት የተከራዩት ሰዎች እዚያ ላይ ጽፈዋል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ «ገዳዩ ወንድሟ ነው። ተይዟል።» ከሥሩ በቀይ፦ «ውሸት ነው። ሙሉውን አንብቤዋለሁ። ሹፌሩ ነው።» ከሁሉም በታች በእርሳስ፣ በሴት እጅ በሚመስል ቆንጆ ጽሕፈት፦ «ሁለታችሁም አላነበባችሁትም። ሰናይትና መርማሪው ተጋቡ።»

ሦስቱንም ለእናቴ አነበብኩላት። «ሹፌሩማ ሞቷል» አለች።

«ማኪያቶ ሲጠጣ ሰምተሽዋል እኮ።»

«ሌላ ሹፌር ይሆናል። አንድ ሹፌር ብቻ ነው ያለው ከተማው ውስጥ?»

መጽሐፉን የተከራየሁት በ1988 ክረምት ነው። ልመልስ ስሄድ ሱቋ ተዘግታለች። በሳምንቱም ተዘግታለች። ከዚያ ቆርቆሮው ራሱ ተነሳ። ጋሼ የት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። መታወቂያ ስላልነበረኝ ያስያዝኩት አምስት ብር ነው፤ እሱ እሳቸው ዘንድ አለ። ዛሬ ከመምጣቴ በፊት ሒሳቡን ሠራሁት። በቀን ስሙኒ፣ ሠላሳ ዓመት ብንለው፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣውን ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን ሳልቆጥር፣ 2,737 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። አምስቷን ብር ስንቀንስ 2,732 ከ50። ጋሼን የሚያውቅ ካለ ሻይ ላይ ቢያናግረኝ ደስ ይለኛል። ይዣለሁ።